መራጭ መጨረሻ ይናገራል

ኩኒኤ ለሩዝ ማብሰያው ንግግር እያደረገች ሳለ ባሏ ከኋላዋ ገባ። "ይህን መጽሐፍ የመረጥኩት አጻጻፉ ስለማረከኝ ብቻ ነው" የምትለው ላይ ደርሳ ነበር፤ "ብቻ" የምትለዋን ቃል ረገጥ አድርጋ፣ የሩዙን ጭልፋ እንደ ድምፅ ማጉያ አፏ ሥር ይዛ። ቴሩዎ ቆሞ አያት። ቀጥሎ ማብሰያውን አየው፤ መልስ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ጋዜጣውን ዘረጋ። ሌላ ባል ቢሆን "አበድሽ እንዴ?" ይል ነበር። ቴሩዎ ግን ቃል ባወጣ ቁጥር ከጡረታው የሚቆረጥበት የሚመስለው ሰው ነው።

ወጥ ቤታቸው ጠባብ ናት፤ አንዱ ማቀዝቀዣውን ሲከፍት ሌላው ወደ መተላለፊያው መውጣት አለበት። መስኮቷ የጎረቤትን ግድግዳ ብቻ ታያለች፤ የታኅሣሥ ብርድ ግን ግድግዳውን ዞሮ መግቢያ አያጣም። የላምባ ማሞቂያው እግራቸው ሥር ያንኮራፋል። ለእያንዳንዳቸው ግማሽ የተጠበሰ ዓሣ፣ ፍጅል የገባበት የሚሶ ሾርባ፣ ሩዝ። "ጥቅል ጎመን ስንት ገባ?" አለ ቴሩዎ ከጋዜጣው ጀርባ። "ሦስት መቶ ሰማንያ የን።" "ጉድ ነው።" "ጉድ ነው እንጂ።" የጠዋቱ ወሬ ይኸው ነበር። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው በሉ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኩኒኤ ዝምታ ግን ከጸደይ ጀምሮ ውስጥ ውስጡን ሲነቅዝ ነው የከረመው። ኮቤ ከተማ የሚኖረው አንድ ልጃቸው ናኦፉሚ ያኔ ደውሎ፣ "እማዬ፣ ሪዮሄይ ኪራይ የሚጋራኝ ጓደኛዬ ብቻ አይደለም፤ የምወደው ሰው ነው" ብሏት ነበር። አለቀሰች፣ ተናፈጠች፣ "ግን በደንብ ትበላላችሁ?" ብላ ጠየቀች፣ መጨረሻ ላይም "ለአባትህ እኔ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ" አለች። ቀስ ማለቱን ቻለችበት፤ መንገሩ ነው ያቃታት። አሁን ደግሞ ልጁ ሪዮሄይን ይዞ ለአዲስ ዓመት ሊመጣ ይፈልጋል፤ ዛሬ ማታ መልሱን ልትነግረው ቃል ገብታለች። ኑ ካለች ባሏም ሰፈሩም ሊያውቁ ነው። አትምጡ ካለች ደግሞ ናኦፉሚ ዳግመኛ አይጠይቃትም፤ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የሚለምን ልጅ አይደለም።

ስለዚህ ዘዴ ዘየደች። በሰፈሩ የንባብ ክበብ የዚህ ወር መጽሐፍ የመምረጥ ተራዋ ሲደርስ፣ የዓመቱ መነጋገሪያ የሆነውን ልብ ወለድ መረጠች፤ የክፍል ጓደኛውን፣ አንድ ሯጭ ወንድ ልጅን፣ አፍቅሮ በአባቱ የዓሣ ሱቅና በልቡ መካከል ስለሚያድግ የወደብ ጎረምሳ የሚያወራውን። ሰው በጎረቤቱ ልጅ ላይ ሲጠየቅ ይሽኮረመማል፣ በመጽሐፍ ላይ ሲጠየቅ ግን የሆዱን ይዘረግፋል ብላ ነው። ልጇን ሳታጋልጥ ፍርዱን ልትሰማ ፈለገች። ፍርዱ ከከፋ ማታ ለናኦፉሚ "ዘንድሮ ይለፈን" ትለዋለች፤ ቀና ከሆነ ደግሞ... እዚያ ላይ ስትደርስ ልቧ እንደ ልጃገረድ ድው ድው ይላል።

ቴሩዎ ምሳ ዕቃውን በጨርቅ ቋጥሮ ቀድሞ ወጣ። ጡረታ ከወጣ በኋላ በታካማትሱ ከተማ ባቡር ጣቢያ ሥር ባለው የብስክሌት ማቆሚያ ነው የሚሠራው። በበሩ አጠገብ ካለው የጫማ መደርደሪያ ላይ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እንዳሰረ፣ መጽሐፉን በዳበሳ አንሥቶ ብብቱ ሥር ወሸቀ። እዚያ መደርደሪያ ላይ ሁለት መጻሕፍት ያድሩ ነበር፤ የእሷና የእሱ። በገበያው መተላለፊያ ያለው መጽሐፍ መደብር "ልሸፍንልዎ?" ብሎ ሳይጠይቅ የሚሸኘው ገዢ የለም፤ "አዎ" ያለ ሁሉ ሰማያዊ ማዕበል የታተመበትን ያንኑ ወረቀት አልብሶ ይዞ ይሄዳል፤ ባቡር ላይ ማን ምን እንደሚያነብ የሚያውቅ የለም። የቴሩዎ መጽሐፍ እንደ ወትሮው የጎራዴ ታሪክ ነው ብላ ስለምታስብ አንድ ቀን እንኳ ገልጣ አላየችውም። ሳህኑን አጥባ፣ ከንፈሯን ቀባ አድርጋ፣ የቀረውን መጽሐፍ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች።

የክበቡ ክፍል የሰፈሩ አዳራሽ ፎቅ ላይ ነው። ኪራዩ ለግማሽ ቀን ስድስት መቶ የን ሲሆን፣ ማሞቂያ ከፈለጉ መቶ ይጨመርበታል፤ ስለዚህ ሁሉም ካፖርቱን እንደለበሰ ይቀመጣል። ምድር ቤት የሚለማመዱት አዛውንት ዘፋኞች የመለያየት ዘፈናቸው በወለሉ ሾልኮ ይወጣል፤ ዜማው ከፍ ሲል ጉሮሮው የሚሰነጠቀው ሰውዬ ዛሬም አልቀረም። አምስት ሆነው ተቀመጡ። ጡረተኛዋ አስተማሪ ወይዘሮ ኩዋሃራ ከራስጌ፤ ልብስ ንጽሕና ቤት ያላት ያኤኮ ከኩኒኤ ጎን፤ ነርሷ ኦሪኤ፤ በክበቡ ያለው ብቸኛ ወንድ፣ ሰማንያውን ያለፈው አባባ ኢናዳ ደግሞ መንደሪኑን እየላጠ ከበሩ አጠገብ። የክበቡ ሕግ አንድ ነው፤ መጽሐፉን የመረጠ መጨረሻ ይናገራል። ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ይሉኝታ ይይዘዋል። ኩኒኤ ይህን ሕግ እንደዛሬ ወዳው አታውቅም።

ያኤኮ ተራዋን ሳትጠብቅ ጀመረች። "ስሙኝማ! ገንዳ ውስጥ ሆኜ ማንበብ ጀመርኩ፣ ውኃው በረደ፣ እኔ አልወጣሁም! ባሌ በሩን እያንኳኳ 'ሞትሽ እንዴ?' ይለኛል። 'ዝም በል፣ ልጁ ሊነግረው ነው!' አልኩት። ሰውዬው ራቱን የፈላ ውኃ የሚደፋበት ፓስታ በላ።" ኦሪኤ በሳቅ ፈነዳች። "እኔ አውቶቡስ ላይ እያነበብኩ መውረጃዬ አለፈኝ፣ እትዬ ያኤኮ። ያ ዝናብ ላይ ደረቅ ካልሲውን አውልቆ የሚሰጠው ጋ... እንባዬ ጭምብሌን አራሰው፤ አጠገቤ ያሉት እናት መንደሪን ሰጡኝ።" "ካልሲው! የካልሲውን ነገር አታንሺብኝ!" አለች ያኤኮ ደረቷን ይዛ፤ "በዚህ ዕድሜዬ በካልሲ እንዲህ እሆናለሁ ብዬ!"

ኩኒኤ ጆሮዋን አቁማ ቁጭ ብላለች። ፊቷ ግሏል። ካፖርቷን ልታወልቅ ቃጣትና ተወችው። እነዚህ ሴቶች ስለ ልጇ ነው የሚያወሩት፤ ልጇን ወደዱት፣ አለቀሱለት፣ ባሎቻቸውን ራት አስቀሩለት! አባባ ኢናዳ በበኩሉ መጽሐፉ ውስጥ ባለው የዓሣ ዋጋ ላይ ሙጭጭ አለ። "በዚያ ዘመን ቀይ ዓሣ በዚህ ዋጋ? ውሸት ነው። ሰርዲን እንኳ አይሰጡህም። ደራሲው ዓሣ ገዝቶ አያውቅም።" "አባባ፣ ስለ ፍቅሩስ?" አለችው ኦሪኤ። "ፍቅሩ ጥሩ ነው። ፍቅሩን አመንኩት፤ ዋጋውን ነው ያላመንኩት።" ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ከታች ያለው ዘፋኝ እንኳ የተሳቀበት መስሎት አቋረጠ።

ወይዘሮ ኩዋሃራ መነጽሯን አስተካከለች። መጻሕፍትን እንደ ተማሪ ነጥብ ትሰጣቸዋለች። "ሰማንያ ሰባት" አለች። "ቋንቋው ንጹሕ ነው። ነጥብ የቀነስኩት በእናትየዋ ነው። እናትየዋ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ታውቃለች! ታውቃለች፣ ግን ልጁ እያያት ድንች ትልጣለች። ዝምታዋ ፍቅር ይመስላታል። ፈሪ ናት። የሰው ልጅ እንዳለ መወደድ አለበት፤ እኔ በዚህ አልደራደርም።" ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ኩኒኤም ነቀነቀች፤ ስድቡ ተወርውሮ ልክ ግንባሯ ላይ እንዳረፈ እያወቀች። እውነት ነው፣ ፈሪ ናት። ግን በዚያው ቅጽበት ደስም አላት፤ ወይዘሮ ኩዋሃራ እንዲህ ካለች ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ይላል።

ያን ጊዜ ነው ያኤኮ፣ የሠላሳ ዓመት ጓደኛዋ፣ ናኦፉሚን በልጅነቱ አዝላ ያሳደገችው ያኤኮ፣ መንደሪን እያላመጠች፣ "ብቻ ጥሩነቱ ልብ ወለድ መሆኑ ነው!" ያለችው። "ካልሲው መጽሐፍ ላይ ያምራል። የኛ ልጅ ቢሆን ኖሮስ? ወይኔ! የት እንገባ ነበር? መሬት ተከፍታ ብትውጠን አይሻልም?" ሳቁ ከፊተኛው ይልቅ ጎላ። አባባ ኢናዳ ሳቀ፤ ኦሪኤም አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ከሁሉ የከፋው ግን የኩኒኤ የራሷ አፍ መሳቁ ነበር። ሳቋን ራሷ ሰማችው። በቃ፣ አለች በልቧ፣ ፍርዱ ይኸው፤ ማታ "ዘንድሮ ይለፈን" እለዋለሁ።

ፊቷን ለመደበቅ መጽሐፉን ገለጠች። አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ካርድ ጭኗ ላይ ወደቀች፤ በክር የምትንጠለጠል፣ የብስክሌት መሪ ላይ የምትታሰር የማቆሚያ ካርድ። ገጹን ተመለከተች። ጥጉ ታጥፏል። የሚቀጥለውም፣ የዚያ ማዶውም ታጥፏል። የገጽ ጥግ ማጠፍ በቤታቸው የታወቀ ጠብ ነው፤ ቴሩዎ የባቡር ሰዓት መጽሐፍ ሳይቀር ያጥፋል፣ እሷ ደግሞ እየተነጫነጨች ታቀናለች። መጽሐፉ ያው የወደቡ ልጅ ታሪክ ነው፤ የእሷ ቅጂ ግን አይደለም። ጎራዴ የለበትም። የተጣጠፉትን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሁሉም አባትየው ያለበት ገጽ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ራት ላይ ልጁ "የምወደው ሰው አለ፣ ወንድ ነው" ሲል አባቱ "ሶያ ሶሱን አቀብለኝ" ብሎ የሚመልስበት ገጽ፣ ታጥፎ፣ ተቃንቶ፣ እንደገና ታጥፎ ጥጉ ሊቆረጥ ደርሷል። ቴሩዎ ያውቃል። ያ ጋዜጣ ዘርግቶ የጎመን ዋጋ የሚጠይቃት ሰውዬ ያውቃል፤ እየተጨነቀም ነው።

"ኩኒኤ፣ ተራሽ ነው" አለች ወይዘሮ ኩዋሃራ።

ተነሣች። በዚህ ክበብ ቆሞ የሚናገር ሰው የለም፤ እሷ ግን ቆመች። "ይህን መጽሐፍ የመረጥኩት..." አለችና የተለማመደችው ጠፋባት። ድምፅዋ ግን ከየት እንደመጣ እንጃ ጥርት ብሎ ወጣ። "ልጄን ናኦፉሚን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኮቤ ውስጥ ሪዮሄይ ከሚባል ወንድ ጋር ይኖራል። ይዋደዳሉ። ከጸደይ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ወይዘሮ ኩዋሃራ እንዳሉት ድንች ስልጥ ከርሜያለሁ። መጽሐፉን ያስነበብኳችሁ ስለ ልጄ ምን እንደምትሉ ልሰማ ነበር። ሰማሁ። ያኤኮ፣ መሬት አልተከፈተችም። ይኸው ቆሜያለሁ።"

ከወለሉ በታች ሰውዬው ጉሮሮው እየተሰነጠቀ ዘፈነ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚለየው። እንዳለ መወደድ አለበት ያለችው ወይዘሮ ኩዋሃራ ፊቷ ደረቀ፤ "ይቅርታ፣ አላወቅንም" አለች፣ ለቅሶ ቤት እንደሚባለው ዓይነት፣ ከዚያም ተነሥታ ማንም ጠጥቶ ያልጨረሰውን ብርጭቆ ትሰበስብ ጀመር። ያኤኮ ግን ቲማቲም መስላ ተቀምጣለች። "እኔ ነኝ ያልኩት" አለች በቀጭን ድምፅ። "አዎ፣ አንቺ ነሽ።" "ይህ አፌ! ይህ አፌ በእሳት ይለብለብ!" የኩኒኤን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ መንደሪን መንደሪን ይሸታል። "ያ ጀርባዬ ላይ የሸናብኝ ልጅ? ናኦፉሚዬ? ስሚ፣ ልጁ... ሪዮሄይ ያልሽው... ደግ ነው? ካልሲውን ይሰጠዋል?" "እኔ እንጃ፤ አላየሁትማ!" "አላየሽውም? ከጸደይ ጀምሮ? ኩኒኤ፣ አንቺስ ምን ዓይነት እናት ነሽ!" ኦሪኤ እያለቀሰች ትስቃለች። አባባ ኢናዳም አንድ መንደሪን አንከባሎ ላከና፣ "ዓሣ ከፈለጋችሁ ለአዲስ ዓመት እኔ እገዛለሁ፤ ዋጋ አውቃለሁ" አለ።

ኩኒኤ ከዚያ እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። ብስክሌቷ ላይ ወጥታ በገበያው መተላለፊያ ውስጥ እየበረረች ነው። የጎረምሳ ጉልበት ነበር የመጣላት፤ የኡዶን ፓስታ ቤቱን ሰልፍ፣ የቅናሽ ፒጃማ የሰቀለውን ሱቅ፣ ሰማያዊ ማዕበል ያለበትን መጽሐፍ መደብር ሁሉ አለፈች፤ አንዲት ሴትዮ "ቀስ በይ እንጂ እናቴ!" ስትላት "አልችልም!" ብላ መለሰች። ሳቋ መጣ። የነገረችው ለአምስት ሰው እንኳ አይሞላም፤ ግን ዓለሙን ሁሉ ያሳወቀች ያህል ቀሏት ነበር።

ቴሩዎ በብስክሌት ማቆሚያው የመስታወት ጥበቃ ቤት ውስጥ ሆኖ ሲያያት ተነሣ። የእሷ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ተዘግቶ፣ መነጽሩ ከላዩ ተቀምጧል። ምሳ ዕቃው አልተፈታም።

"ተለዋውጠናል" አለ።

"አንተ ነህ የለወጥከው፤ ቀድሞ የወጣው ማነው?"

"ያንቺ አልታጠፈም። ወዲያው አወቅሁ።"

"ያንተ ታጥፏል። እኔም ወዲያው አወቅሁ።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "መቼ ነገረህ፣ አባቱ?"

አንዲት ተማሪ ብስክሌቷን ልታቆም መጣች። ቴሩዎ መቶ የን ተቀበለ፣ ካርድ አሰረ፣ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። ተመልሶ ሲቀመጥ አንገቱን ደፍቶ ነበር። "በነሐሴ፣ ለሙታን በዓል ሲመጣ። አሸንዳውን ስንጠግን። መሰላሉን ይዤለት ነበር፤ እላይ ሆኖ ነገረኝ፣ ፊቱን እንዳላይ።"

"ምን አልከው?"

"'መሰላሉ ይነቃነቃል፣ ተጠንቀቅ' አልኩት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ወረደ። ለእናትህ እኔ እነግራታለሁ አልኩት። ትደነግጫለሽ ብዬ።" ኩኒኤ አፏን በእጇ ያዘች። "እኔም ለአባትህ እኔ እነግረዋለሁ ብዬዋለሁ። ትደነግጣለህ ብዬ!" ተያዩ። አንዱ ሌላውን ሊያድን ሁለቱም ልጃቸውን በር ላይ አቁመውት ከርመዋል። መጽሐፉን ለምን እንደገዛ ስትጠይቀው፣ የመደብሯ ሴትዮ "ባለቤትዎ ለክበቡ የመረጡት ነው" ብላ ነገሩን ስትተርክለት፣ ኩኒኤ የልጃቸውን ነገር ሳታውቅ የመረጠችው እንደመሰለው ነገራት። የሚጎዳት ነገር ካለበት ቀድሞ ሊያውቀው ነበር። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ማለት ይኸው ነው፤ በእንቁላል ዋጋ የሚጨቃጨቁ ሁለት ሰዎች፣ እያንዳንዱ ሺህ ዘጠኝ መቶ የን የሚያወጣ መጽሐፍ ሁለት ገዝተው አንድ ቤት ውስጥ ተደባብቀው አነበቡ። ኩኒኤ ልትስቅ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት።

"ታዲያ ወደድከው?" አለች ፊቷን እየጠረገች።

ቴሩዎ መነጽሩን ከመጽሐፉ ላይ አነሣ። "ሶያ ሶሱ ፊቱ ነበር" አለ። "አባትየው። እጁን ቢዘረጋ ይደርስበት ነበር።"

ከክበቡ ሰው ሁሉ ይህን ያየ አልነበረም።  ቴሩዎ እጁን ዘረጋና "ስልክሽን ስጪኝ" አለ። በሕይወቱ ለልጁ ደውሎ የማያውቅ ሰው ነው፤ ቁጥሩን እሷ ነካችለት፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ሰጠችው።

"እማዬ?" አለ ናኦፉሚ።

"እኔ ነኝ።"

"አባዬ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ሪዮሄይ አለ?"

 ኩኒኤ ያንን ስም ከባሏ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር፤ አጠራሩ ተለማምዶበት የከረመ ይመስል ነበር። "አለ" አለ ናኦፉሚ፣ እንደ ፈራ። "ሳህን እያጠበ ነው። ምነው?"

"የእግሩ ቁጥር ስንት ነው?"

"ምን?"

"እግሩ! እግሩ!" ቴሩዎ ጮኸ፤ ብስክሌት የሚፈቱ ሰዎች ዞሩ። "እቤት ያለው የቤት ጫማ የእንግዳ ነው። የእንግዳውን አድርጎ አንድ ሳምንት አይከርምም። ለአዲስ ዓመት የራሱን ልግዛለት ነው፤ ከኔና ካንተ ጎን የሚቀመጥ።"

የውኃው ድምፅ ቆመ። ከስልኩ ራቅ ያለ፣ ትሕትና የበዛበት ሌላ ድምፅ፣ "ሃያ ስምንት ተኩል ሴንቲ ሜትር ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትልቅ ነው" አለ።

"ሃያ ስምንት ተኩል!" አለ ቴሩዎ፣ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ ዓይኑ ሞልቶ። "ይህ እግር ነው ጀልባ?"

"ቀለሙን! ምን ቀለም እንደሚወድ ጠይቀው!" አለች ኩኒኤ እጅጌውን እየጎተተች። ቴሩዎ ጠየቀ። ናኦፉሚ ግን መመለስ አቅቶት ነበር፤ "ሰማያዊ" ያለው ያው የሩቁ ድምፅ ነው።